በሟች እህታቸው ወረቀት የኖሩት የጠራዧ አክስታችን የሕይወት ታሪክ

ውድ አክስታችን ከባቡር ሠራተኛው አባታቸውና ከቤት እመቤቷ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በወረቀት መሠረት ጥቅምት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። «በወረቀት መሠረት» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ቀኑ የእሳቸው አይደለም፤ ወረቀቱም የእሳቸው አልነበረም። ይህን ሳልናገር ወደ ትምህርትና ወደ ትዳር ብዘልል ሣጥናቸው ውስጥ ሆነው ይቆጡኛል።

በዚያ ወረቀት ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው ተብሎ በ1951 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በእውነቱ ግን ገና አምስት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለል አይነካም። እርሳስ መያዝ አቃታቸው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አለቀሱ። «ደካማ ተማሪ» ተብሎ በቀይ ተጻፈላቸው። አንደኛ ክፍል ላይ ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ታላቅ ወንድማቸው በዚያው ግቢ ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ ይማሩ ነበር። ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ቤተሰቡም «ዳይሬክተሩ» ነው የሚላቸው። እህታቸው እርሳስ ለምን እንዳቃታቸው ያን ጊዜም ያውቁ ነበር። አክስታችን ግን ራሳቸውን ደደብ ነኝ ብለው አምነው ከስድስተኛ ክፍል ወጡ።

በ1959 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ተቀጠሩ። መርፌ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ የሙጫ ብሩሽና መጭመቂያ ይዘው አርባ አምስት ዓመት ሠሩ። እጃቸው ሙጫ ከመልመዱ የተነሣ አንድ ቀን የአለቃቸውን እጅ ጨብጠው ሁለት ሰው መጥቶ እንዳላቀቃቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አለቃው አንድ ሰው ብቻ ነው የመጣው ይላል። የጠረዙት መጽሐፍ ከፎቅ ቢወድቅ ፎቁ ይሰነጠቃል እንጂ መጽሐፉ አይፈታም። ይህን ደግሞ ማንም አያስተባብልም።

በ1970 ዓ.ም. የማተሚያ ቤቱን መብራት ሊጠግን ከመጣ ኤሌክትሪሽያን ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ያቺን አንዲት አምፖል ለመቀየር አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰዋል። አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። በ2004 ዓ.ም. ስልሳ ዓመት ሞላቸው ተብለው ከሚወዱት ሥራ ተሰናበቱ። አልሞላቸውም ነበር። ያ ወረቀት ከልጅነታቸው ላይ ቀምቶ ከሥራ ዘመናቸውም ላይ ቀማ።

ነገሩ የታወቀው በ1987 ዓ.ም. ነው። የመቃብር ጽሕፈት ቤቱ የተገነጣጠሉ የድሮ የቀብር መዝገቦቹን እንዲጠረዙለት ላከ። አክስታችን የሚሰፉትን አያነቡም ነበር፤ «ካነበብኩ መቼ እሰፋለሁ» ይሉ ነበር። ያን ቀን ግን ገጹን ሲያስተካክሉ የራሳቸውን ስም አዩ። የአባታቸው ስም፣ የእናታቸው ስም፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፏል። ዕድሜ ሁለት ዓመት፣ ሕመሙ ኩፍኝ፣ የተቀበረችው ኅዳር 1946 ዓ.ም.። መርፌው ጣታቸው ውስጥ ገብቶ አልተሰማቸውም። የደሙ ጠብታ ዛሬም ገጹ ላይ አለ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። እኔ ብዙ ነገር እንደምጨምር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይቺን ግን አልጨመርኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዛቸው። መቃብር ውስጥ ያለችው ያቺ ልጅ ከሆነች እኔ ማን ነኝ? እናቴ ወልዳኛለች ወይስ በሞተችው ልጅ ፋንታ ከሰው የተወሰድኩ ነኝ? ወላጆቻቸው ቀድመው ስላረፉ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ዳይሬክተሩ ነበር። ዳይሬክተሩም «የጽሕፈት ስህተት ነው፤ የዚያን ዘመን ጸሐፊ ሁሉ ሰካራም ነበር» ብለው ሸኟቸው። የልደት መዝገብ ቤት ሄዱ፤ «ወረቀት አለዎት አይደል፣ ምን ጎደለዎት?» ተባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የዘራቸውን ታሪክ የሚፈልጉ ሰዎች ይሰበሰቡ ነበርና እዚያ ገቡ። የሌላውን ሁሉ እንቆቅልሽ አብረው ፈቱ፤ የአንዱን ጠፍቶ የቀረ አያት፣ የሌላዋን ሁለት ስም ያላት ቅድመ አያት አገኙላቸው። የራሳቸው ጥያቄ ግን የምድር ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። «በ1946 ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ትኖሩ የነበራችሁ፣ በባቡር ሠራተኛው ቤት የነበሩት ሴት ልጆች ሁለት ነበሩ ወይስ አንዲት? የምታስታውሱ እባካችሁ ንገሩኝ» ይላል። በየዓመቱ በአዲስ ወረቀት ገልብጠው ይለጥፉት ነበር።

በ1995 ዓ.ም. አንድ መልስ መጣላቸው። የመቶ አሥር ዓመት አዋላጅ ነኝ ያለች ሴት፣ አክስታችን በሚሄድ ባቡር ውስጥ ድልድይ ላይ እንደተወለዱ፣ ስድስት ኪሎ እንደመዘኑና ሹፌሩ በደስታ ሦስት ጣቢያ ሳያቆም እንዳለፈ ጻፈችላቸው። አድራሻም ሰጠች። አክስታችን ሁለት ቀን ተጉዘው ቢደርሱ የተዘጋ የሳሙና ፋብሪካ አገኙ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። እንደሚስቁ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ወረቀቱን በጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ «ይሄ እኔ የጠረዝኩልህ ደብተር ነው» አሉኝ። ዱላ ስጠብቅ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አንተስ ቢያንስ መልስ ሰጠኸኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እየሄድኩ መዝገብ ሳገላብጥ ኖርኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋቸውም። በዚህ በራሴም ተናድጃለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪም ቤት የልደት ቀን ሲጠየቁ፣ «እሱን የሚያውቅ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ» ይሏት ነበር ነርሷን። ዳይሬክተሩ ሊጠይቁ መጥተው ስለ ዝናቡ አውርተው፣ ብርቱካኑን አስቀምጠው ሄዱ። አክስታችን መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አሁን ስሙኝ። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ከመታተሙ በፊት፣ በሕይወት ያሉት ቤተሰቦች ስም ቅደም ተከተል እንዲታይ ለዳይሬክተሩ ተልኮ ነበር። በማግስቱ መለሱልኝ። የራሳቸውን ስም ከላይ አድርገዋል፤ እሺ። የልደት ቀኑን ደግሞ በቀይ ሰርዘው አጠገቡ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው «ሰኔ 22 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ማለዳ» ብለው ጽፈዋል።

ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሮጥኩ። «ከየት አመጡት?» አልኳቸው። «ታትሞ የሚቀር ነገር ስህተት መሆን የለበትም» አሉኝ። ያን ማለዳ አዋላጅ ጥራ ተብለው የሮጡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ። አክስታችንን የወለዱት እናታቸው ናቸው። የተወሰደ ልጅ የለም፣ ምሥጢር የለም፣ ነውር የለም። የሞተችው ልጅ የልደት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ስለነበረ አባትየው «ወረቀት እያለን ለምን እሰለፋለሁ» አሉ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። እናትየው ግን ሕፃኗን መጀመሪያ ባወጡላት በሌላ ስም ሦስት ወር ጠርተው ነበር። የሟቿን ስም በሕያዋ ላይ መጥራት አቅቷቸው ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው «አንቺ» ብቻ አሏት። አክስታችን ደግሞ «በስሜ ያልጠራችኝ ስላልወለደችኝ ነው» እያሉ ሃያ ስምንት ዓመት አለቀሱ። ዳይሬክተሩ ያን ለቅሶ ሰምተዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ለወረቀት የተገኘ እውነት ለእህት ጠፋ።

«የመጀመሪያ ስማቸውስ?» አልኳቸው። «ለቀብር ፕሮግራም አያስፈልግም» አሉኝ።

ስለዚህ ይህኛው ጽሑፍ ለእርማት አልተላከላቸውም።

አክስታችን በስልሳ ስምንት ዓመት ከስምንት ወራቸው ሲለዩን አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን እናቴን፣ እኔንና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠብቋቸውን የምድር ቤት ወዳጆቻቸውን ትተዋል። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል።

የፈጠራቸውማ ስማቸውን ያውቃል፤ በእሱ ጠርቶ ወደ ዕረፍቱ ያስገባቸው። ልጆቻቸው ግን አያውቁትም። አጎቴ፣ አፈሩ ሳይመለስ ይነሱና ጮክ ብለው ይጥሯቸው። ቆመን እንጠብቃለን።