ገብስ የሸተተ ውሃ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ክረምቱን እንዴት ወጣኸው? ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዜር ይመስገን፣ ገብሱም ዘንድሮ ለእሸት ደርሷል። በመኪና የምትነዳቸው ሹማምንት ሲታሰሩ አንተ መትረፍህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

የላክኸው ውስኪ ደርሶኛል። ለሐዘንህ ማስረሻ ይሁንህ ብለሃል። እግዜር ይይልህ! ከሰው ሁሉ ለእኔ ውስኪ ይላካል?

በዚያ ክፉ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ሹማምንት ከመኪና ሳይወርዱ እኛ ረኀብተኞች የሰፈርንበትን መጠለያ ዞረው ሲያዩ፣ ባዶ ጠርሙስ በመስኮት ተወረወረ። አንሥቼ ለቅለቅ አደረግሁና ለልጄ ለአልታዬ ውሃ ቀዳሁላት። ጎንጨት አለችና፣ አባዬ ገብስ ገብስ ይላል፣ ቆሎ ቆላችሁ እንዴ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ረኀቡ አእምሮዋን ነሥቷት እየቃዠች ሞተች እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ፤ ማሕሌት መቆም እንኳ አቃተኝ።

አምና ዘማቾች ሲመጡ የዓለምዘርፍ የምትባል ተማሪ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ውስኪ የሚሉት ከገብስ ነው የሚወጣው አለችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ልጄ አልቃዠችም!

ከዚያ በኋላ ተማሪዋን መግቢያ መውጫ አሳጣኋት። ማን ጀመረው? እንዴት ያወጡታል? የፈረንጅ አገር መነኮሳት ናቸው ይባላል አለችኝ። ለካ እነሱም ገብሱን ነክረው ያበቅላሉ፣ በጢስ ያደርቃሉ፣ እንደ አረቄ ያወጡና በበርሜል ዓመታት ያስተኙታል። እኔም የአገራችንን አረቄ ታሪክ ልጠይቅ አውጪዎቹን ቤት ለቤት ስዞር፣ አገሩ መሪጌታ ሰካራም ሆነ አለ። ይበል! ጠብታ አልቀመስሁም። እንቅልፌ ግን ተመለሰ፣ የልጄንም ስም መጥራት ቻልሁ።

ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ለእነሱ ገብስ ዓመታት የሚተኛ፣ ለእኛ ልጆች አንድ እፍኝ የሚጠፋ! የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ እነዚያ ግን በመኪናው መስታወት እያዩን ነበር።

ያን ዓመት እዚያ ኖሬ ቢሆን ኖሮ ብለህ ጽፈሃል። ተው ወንድሜ። ጠርሙሱን የወረወረውን እጅ አይቼዋለሁ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለበት፤ ልጆች ሳለን ገብስ ስናጭድ የእኔ ማጭድ ያሳረፈበት ነው።

ውስኪውን ሳልከፍት መልሼልሃለሁ። የዚያን ቀኑ ጠርሙስ ግን እኔው ዘንድ ነው፤ የዘር ገብስ ሞልቼበታለሁ። ለዘር ና፣ አብረን እንዘራዋለን።

ፈጣሪ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ የእህል ሽታ ከቤትህ አይጥፋ። ስትመጣ ግን ከመኪናው ውረድ።

ታላቅ ወንድምህ፣
የአልታዬ አባት