ከመርዶ የቀደመ ሞተር

ውድ ማንደፍሮ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ፒካፑም ደህና ነው። ስለ እሱ ደህንነት እንዳልጠየቅከኝ አውቃለሁ። የጠየቅከኝ እሱን ሸጬ፣ የዐረብ አገሩን ኑሮ ትቼ አዲስ አበባ እንድመጣና እንድንጋባ ነው። «ከፋሲካ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ» ብለሃል። እነግርሃለሁ፤ በስልክ ግን አንተ ሰው አታስጨርስም፣ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። መጀመሪያ የሞተሩን ነገር ስማ።

አሮጊቷ አሠሪዬ፣ ማዳሜ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትሞት ልጆቿ ፒካፑን ሰጡኝና እዚህ ዶራ ሰፈር፣ አንተ ትሠራበት ወደነበረው ጋራዥ ይዤው መጣሁ። ገና ኮፈኑን ስትከፍት ሳቅህ። «ይሄ ቁልቁለት ብቻ ነው የሚሄደው» አልክ። እውነትህን ነበር። የእድራችንን ድስትና ወንበር፣ ከኋላ ደግሞ ሴቶቹን ጭኜ ለቅሶ ስሄድ አቀበቱ መሀል ቀጥ ይልብኛል። መቼም ታውቃለህ፣ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ልጆች ሐዘን ደርሶባቸው ማዳማቸው ካላስወጣቻቸው፣ እኛ ሄደን በረንዳቸው ሥር ቆመን እናለቅሳለን። ተራራው ላይ ያሉት ጋ ግን ስንቴ መንገድ ላይ ቀርተን ተመልሰናል!

ስድስት ሲሊንደር ሞተር ልገጥምበት ነው ስልህ የመለስክልኝን አልረሳሁም። «ለለቅሶ ብለሽ ሞተር? ያኒ፣ ማለቴ፣ አብደሻል?» አልከኝ፤ ብዙም ሳትቆይ ተሳፍረህ አገር ቤት ገባህ። እሺ፣ አበድኩ እንበል። ከተገጨ መኪና የወጣ ጤነኛ ሞተር አገኘሁና ከጋራዥህ ባለቤት ከሽማግሌው ጋር ገጠምነው። የድሮዎቹ የሞተር ማሰሪያዎች አልያዙትም፤ ቆርጠን ጣልናቸውና አዲስ በየድን። ካምቢዮውን ከነሞተሩ ወሰድን፣ ትልቅ ራዲያተር አስገባን፣ ፍሬኑንም ቀየርን። አንተ እንደምታስበው ግድየለሽ አይደለሁም። ኮፈኑ ብቻ አልዘጋ ስላለን አናቱን ቀደድነው። መልኩ ያስቃል፣ ጉልበቱ ግን አያስቅም።

ወዲያው የሃይሚ አባት ማረፋቸው ተሰማ። ሃይሚ ተራራው ላይ፣ ብሩማና ላይኛው ሰፈር ነው የምትሠራው፣ ማዳሟ በእሑድ እንኳን አታስወጣትም። ወንድሟ የደወለው ለእኛ ለእድሩ ነው፤ ለእሷ መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ስለዚህ እንደ ልማዳችን ከሪማ በሰርቪስ ታክሲ ቀድማ ሄደች። ከሪማን ታውቃታለህ፣ መርዶ ስታረዳ እንደሷ አንጀቱ የሚችል የለም። እሷ ገብታ፣ አስቀምጣ፣ ቀስ ብላ ትነግራታለች፤ እኛ ደግሞ አቀበቱን እየገፋን ስንደርስ ለቅሶው ይጀመራል። ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው። እኔ ሞተሩን ስቀይር የመነሻ ሰዓታችንን መቀየር ትዝም አላለኝ።

ማንዴ፣ በረረ! አቀበቱ ሜዳ ሆነልን። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው «ያላ እታገኝ!» ይሉኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ረገጥኩት። ከሪማ የተሳፈረችበት ታክሲ ሰው ለመጫን መንገድ ዳር ቆሞ ነበር አሉ፤ ሳናያት አልፈናታል።

ሃይሚ ድምፁን ሰምታ ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ብቅ አለች። ስታየን ሳቀች። ነጠላችንን ዘቅዝቀን እንደለበስን አይታ፣ እጇን እያውለበለበች፣ «ምነው በሰላም? ወደማን ለቅሶ እያለፋችሁ ነው?» አለችን።

ሁላችንም ደነገጥን። ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ። ሌላ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ወዳንቺ ነው የመጣነው ሃይሚዬ» አልኳት።

ሳቋ እንዴት እንደጠፋ አልነግርህም። «አባዬ?» ብላ ጮኸች፣ በረንዳው ላይም ተቀመጠች። ሴቶቹ ከፒካፑ ላይ እንዳሉ ለቅሶውን አቀለጡት፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ማዳሟ ሮጣ ወርዳ «ሹ ፊ? ምንድን ነው?» ስትል «አቡሃ ማት፣ አባቷ ሞተ» አልኳት። ፊታችንን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ የግቢውን በር እስከ ጥጉ ከፍታ «ፉቱ» አለች፤ ግቡ ማለቷ ነው። ገብተን ሃይሚን አቅፈን አለቀስን። ከሪማ ዘግይታ ደርሳ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ «ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ እኔንም ጫኚኝ!» ብላ ተቆጣችኝ። አሁን ጋቢና የእሷ ቦታ ነው።

አንተን ሳላውቅህ፣ ሲን ኤል ፊል በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ እናቴ ሞታለች፤ ይህን ታውቃለህ። ያልነገርኩህ፣ ማንም እንዳልመጣልኝ ነው። ማዳሚቱ ድምፄን እንዳትሰማ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ከፍቼ አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሲጨርስ ልብሱን አሰጣሁ። ሞተር የምቀይረው ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ አንተ ስትስቅ ዋጥኩት።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው። ፒካፑን አልሸጥም፣ ለፋሲካም አልመጣም። እወድሃለሁ፤ እዚህ ከተመለስክ ዛሬም አገባሃለሁ። አይሆንም ካልክ ሌላ አግባ። አላዝንም ብዬ አልዋሽህም፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ያገባህ ዕለት ሴቶቹ በፒካፑ ተጭነው ይመጡልኛል።

እታገኝ
ከዶራ