ቅናቴ በእንግሊዝኛ ሲፈታ

ውዴ ጌቴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ቤታችን ደህና ነው። ሳሎኑን አንተ በማትወደው አረንጓዴ አስቀባሁት፤ የስፌት ሱቄንም ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ለቡ መብራት ኃይል አዛወርኩ። ብዕር ያነሳሁት ግን ይህን ልነግርህ አይደለም። ስለ ቅድስት ነው፤ አዎ፣ አብራህ እንግሊዝኛ ስታስተምር ስለነበረችው።

በሙት ዓመትህ ዕለት ከእኔ የባሰ ጥቁር ለብሳ መጣች። ሰው ፊት ተነስታም፣ አንተ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣ እንደነበር እያለቀሰች ተናገረች። እኔ ቤት ሦስት ማንኪያ ስትጨምር የኖርክ ሰውዬ! ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ንድድ አልኩ፣ ጌቴ።

መጀመሪያ ያስተዋወቅኸን ቀን ትዝ ይልሃል? ባለቤቴ ጄለስ ናት አልካት። የሰፈራችን ወጣቶች ጓደኛቸውን «ጀለስ» ሲሉ ስለምሰማ፣ ወዳጄ ናት ያልክልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ቤት ገብተን ቀናተኛ ማለት መሆኑን ስትነግረኝ ግን ራት ሳላቀርብልህ ተኛሁ።

በማግስቱ ልታባብለኝ ብለህ ማስተማር ጀመርክ። በእኛ ቋንቋ «ጄለስ»ም «ኤንቪ»ም ያው ቅናት ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ይለየዋል አልከኝ። «ጄለስ» የራሴ የምለውን ሌላ እንዳይወስድብኝ ስሰጋ፤ «ኤንቪ» የሌለኝን ሰው ላይ አይቼ ሲያምረኝ። «ኤንቪ» ስምም ግስም ስለሚሆን ራሱን ይችላል። «ጄለስ» ግን ቅጽል ነውና «ነኝ» ወይም «ነበርኩ» ካልታከለበት ዓረፍተ ነገር አይሆንም።

አሁን እህቴ፣ ባልሽ በሕይወት የለ፣ ምን ያስቀናሻል ትለኛለች። እንደ እሷ ከሆነ ለእኔ የቀረኝ «ኤንቪ» ብቻ ነው። አልዋሽህም፣ ላፍቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ባልና ሚስት ተደጋግፈው ቆመው ሳይ እሱም ይይዘኛል። ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

በቅድስት ላይ የምቀናው ግን እንደዚያ አይደለም። የሌለኝ ነገር የላትም። ያለኝን ነው የነካችብኝ። አንተ ከሞትክም በኋላ የእኔ ነህ፤ የራስን ነገር ደግሞ ሰው ይሰጋለታል።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ስላንተ «ነበር» ይበል፤ እኔ ጄለስ ነኝ። እስካለሁም አልረሳህም። ዓረፍተ ነገሩ በትክክል ካልተሰካ አርመኝ፤ ባለቤቱን ግን እንዳትቀይርብኝ።

ባለቤትህ፣
አልማዝ