ስር ያላወጡት ጽጌረዳዎች

ሰኞ

አወጡ! ሁሉም ስር አወጡ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባሕር ዳር ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ነው ወደ ጓሮ የሮጥኩት። ቀዩ ጽጌረዳ ቆርጠው ቢጥሉትም ስር ያወጣል፤ ነጩ ቢለምኑትም እምቢ። ሁለቱን አዳቅዬ ያገኘኋቸው አስራ ሁለት ልጆች ማንን እንደሚወርሱ ነው የመመረቂያ ጥናቴ። ከእያንዳንዱ ልጅ አስር አስር ቁራጭ በመደዳ ተክዬ ቁጥር ሰክቼላቸው ነበር፤ የተረፈውንም ለመጠባበቂያ ባልዲ ውስጥ ደባልቄ ተክያለሁ። ዘጠኝ ቁጥር እንኳ፣ ስሄድ ጠውልጎ የተውኩት፣ ለምልሟል። ለአማካሪዬ ደወልኩ። "ጎሽ! ዘረመሉ ወደ ቀዩ አድልቷላ" አሉ።

ማክሰኞ

አንድ ነገር ከነከነኝ። የዘጠኝ ቁጥር ቅጠል ጠባብ ነበር። አሁን ከአስሩ ሰባቱ ሰፊ ቅጠል አላቸው። ቅጠል በሁለት ሳምንት ዘመድ አይቀይርም።

አከራዬን እትዬ ዘነበችን ጠየቅኳቸው። "ባዶውን ሳየው አንጀቴን በላው፣ ልጄ። የሞቱትን ጥዬ ከመጠባበቂያው ባልዲ እያመጣሁ ሞላሁልሽ።"

"ከየመደዳው የትኞቹን?"

"ኧረ እኔ በየት አውቄ!"

"አጠገባቸው የሰካሁት ቁጥርስ?"

"ቁጥሩማ የቤቱ ነው። ተከራይ ሲለቅ የቤት ቁጥር ነቅሎ ይሄዳል እንዴ?"

ምን ልበላቸው? እየመረቁኝ እኮ ነው ያበላሹት። የሌሎቹ መደዳዎች ቅጠል ደግሞ ይመሳሰላል፤ መለየት አልቻልኩም።

ረቡዕ

እማዬ ለምርቃቴ ቀሚስ አሰፍታለች። ባሕር ዳር ስሄድ ለብሳ አሳይታኛለች።

ማን ያውቃል? እኔ ብቻ። እትዬ ዘነበች ጥፋት መሆኑንም አላወቁ። የጥናቴን ሰንጠረዥ "ሁሉም አወጡ" ብዬ ሞላሁት። ሰረዝኩት። መልሼ ሞላሁት።

ሐሙስ

አየር ጤና ፌርማታ ላይ፣ የታክሲ ረዳቶች እየጮሁ፣ ለአማካሪዬ ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ። "እንደገና ትከይ። የዘንድሮው ምርቃት ግን አለፈሽ" አሉኝ። በቃ።

ተናድጃለሁ። በእትዬ ዘነበች፣ በራሴ፣ በነጩ ጽጌረዳ፣ በሁሉም!

አርብ

እትዬ ዘነበች ነገሩ ሲገባቸው "እጄን ይቁረጠው!" ብለው አለቀሱ። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ዛሬ አብረን ቆርጠን ተከልን። ከነጠላቸው ጫፍ ክር እየመዘዙ ቁጥሩን ከየግንዱ ጋር አሰሩልኝ። "አሁን የትም ቢሄድ ቁጥሩ አብሮት ነው።" ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይሄ አሁንም ባያወጣስ?"

"ይሞታል። እኔም ሞተ ብዬ እጽፋለሁ።"

ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

ለእማዬ ገና አልደወልኩም።