ከጀርባው ሲጠሩት

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ጅዳ ላለሽው ለልጄ ለየትምወርቅ፤

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። በስልክ አንደበቴን የያዘኝን ነገር ነው የምጽፍልሽ። ለዕረፍት መጥቶ የነበረው ጀብሪል ወደዚያ ስለሚመለስ እሱ ያደርስልሻል። እኛ በጤና አለን። እኔ ግን የሰው ነገር ቀፎኛል።

ባለፈው ሳምንት የሕፃናት ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ እግርና አእምሮ ይመረመራል ተባለና ልጅሽን ይዤ ጤና ጣቢያ ወጣሁ። የምትመረምረው ትህትና የምትባል ልጅ ናት። የምታንቀጫቅጭበት የላስቲክ መጫወቻ የስንቱ ልጅ ምራቅ እንደነካው እንጃ! በጋዋኗ ጠረግ አድርጋ ለልጃችን ሰጠችው። ልጅሽ ግን አላሳፈረኝም። ኳሱን ወረወረ፣ እንጨቶቹን ደራረበ፣ ከጨርቅ ሥር የደበቀችበትን ማንኪያ ፈልጎ አወጣ።

ከዚያ ከጀርባው ቆማ «ቃለ ክርስቶስ» ብላ ጠራችው። አልዞረም። እንዴት ይዞራል? ካርዱ ላይ የክርስትና ስሙን ያስጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ቤት ውስጥ ማን በሱ ይጠራዋል? «ቢያድግልኝ በይው» አልኳት ተቆጥቼ። አለችው። ዝም። የእንግዳ ድምፅ ሆኖበት ነው ብዬ፣ ማኅሌት በማደርስበት ድምፄ ራሴ ጠራሁት። ምንም። እንደ ቤታችን ልማድ የወለሉን ሳንቃ በመቋሚያዬ መታሁት፤ ወዲያው ዞሮ ሳቀልኝ።

«ይኸው፣ ሰማ!» አልኳት።

«የኔታ፣ በመቋሚያው ሳይመቱ ይጥሩት» አለችኝ።

አልጠራሁትም። አቅፌው ወጣሁ። እንከን ፍለጋ ነው የተማሩት ስል ነበር መንገዱን ሁሉ።

ወሬው ግን ሰፈር ቀድሞኝ ገብቷል። ጎረቤታችን በለጡ «እናቱ ጥላው ዓረብ አገር ብትሄድ እግዜር አሳያት» አለች አሉ። በማግስቱ ድፎ ይዛ፣ አዝና መጣች። እንዲህ ያለ አፍ ጠበልም አያነጻው።

ልጅሽ ይሰማል፣ የትምወርቅ። ከብቶቹ ሲገቡ ከሁላችን ቀድሞ በር ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ከበሮ ስንመታ ደረቱን ለጥፎበት ይፍነከነካል። አንቺ ስትደውዪም ስልኩን ጉንጩ ላይ አድርጎ ይስቃል። ይህን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ትህትና የአንድ ጠዋት ሰው ናት። ደሴ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት ብላለች። ማክሰኞ እንወርዳለን፤ ስሕተቷን ላሳያት ብዬ ነው።

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ እጅሽን ያበርታው፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ለቤትሽ ያብቃሽ። አሜን።

አንድ አደራ አለኝ። ከእንግዲህ በወንድምሽ በደሳለው ስልክ ደውዪ፣ ፊት ያሳያል። ልጅሽን ስታናግሪው ቀስ በይለት፤ አፍሽንም በሻሽሽ አትሸፍኚበት።

አባትሽ መሪጌታ ዋለ