ጠጠሮችህን እንዴት እንዳጸዳኋቸው

ግርማዬ፣

ጤናህን ልጠይቅ ብል የሚጠየቅ ጤና የለህም፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ከተለየኸኝ አምስት ወር አለፈ። አምስቱንም ወር ተረጋግቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ብርጭቆ አነሳለሁ፣ ለምን እንዳነሳሁት ይጠፋኛል፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይህችን እንኳ የምጽፍልህ ሦስቴ ተነስቼ በሩን አይቼ ነው።

ልጃችን ሰብለ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ትመስላለች። አልጋውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼዋለሁ፤ ባንተ በኩል ይበርደኛል።

ዋናው ወሬዬ ግን ስለ ጠጠሮችህ ነው። ካርታ ታድልበት የነበረው የመኳንንቱ ክበብ ሲዘጋ በካርቶን አድርገህ ስላመጣሃቸው ቀይና ጥቁር የቁማር ጠጠሮች። በያንዳንዳቸው ላይ ዘውድና የክበቡ ስም በወርቅማ ቀለም ታትሟል። በዚህ ዘመን ዘውድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እሳት በጉያ መያዝ ነው፣ ጣላቸው ብዬ ስነዘንዝህ እምቢ አልክ። ሐሳብ ሲይዝህ በአንድ እጅህ ሁለት ቁልል አድርገህ ታገጣጥማቸው ነበር፤ ያን ቀጭ ቀጭ ስሰማ ሰውዬው ሊናገር ነው እል ነበር። በመጨረሻ ወርቁን አስለቅቄ አኖራቸዋለሁ ብለህ ጀመርክ። አንድ ረድፍ እንደጨረስክ ደረቴን አልክ፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርንህ።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ሊታሰስ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሌላው ሰው መጽሐፉን ሽንት ቤት ሲጨምር እኔ ካርቶንህን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ተቀመጥኩ። መጣል አቃተኝ። እንደ ልብስ መስሎኝ በሳሙና ውሃ ዘፈዘፍኳቸው። ወርቁ ንቅንቅ አላለም፤ ሸሽቶ የሄደው የጠጠሮቹ ቀለም ነው። ከዚያ ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ከሚሠሩበት ቀለም ፋብሪካ ያመጡልህ ቲነር ትዝ አለኝ። ጥጥ እየነከርኩ ስፈትግ ወርቁ ለቀቀ፤ ጎድጎድ ባለው ውስጥ የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ጨረስኩት። ጠጠሮቹ ግን አመድ መሰሉ። ትናንት እንደተፈተጉ ዕውር እንኳ ያውቃል። አንተ የሠራሃቸው ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ ናቸው። ምን አድርገሃቸው ነው? ስትሞት እንኳ ሳትነግረኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ቤቱን እየዞርኩ ተቆጣሁህ።

የወለወልክበትን ጨርቅ ሳሸተው ገባኝ። ለካ በጸጉር ቅባትህ ነው።

ግርማዬ፣ ከብልቃጡ ሥር የቀረችውን ቅባት እኮ ለማንም አላስነካም ነበር። ሲከፋኝ ከፍቼ አሸታታለሁ፣ ቶሎ እዘጋለሁ። ከሽታህ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት። ያን ቀን ሁለቴ ከፍቼ ሁለቴ ዘጋሁት። ከዚያ ሰብለን አየኋት፤ እኔን ቢወስዱኝ ማን አላት? እያለቀስኩ በጣቴ ጠርጌ ጠጠሮቹን ቀብቼ ጨረስኩት።

በነጋታው አብዮት ጥበቃዎቹ መጡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ በርበሬውን ቆፈሩ፣ ካርቶኑን ከፈቱ። አለቃቸው አንዱን ጥቁር አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሰውዬው ሳቀ። ለካ ቀበሌ ውስጥ ዳማ የሚጫወቱት በጠርሙስ ቆርኪ ነው! ይሄማ ለሰፊው ሕዝብ ይዋል ብሎ ካርቶኑን እንዳለ ይዞት ሄደ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? አሁን በቀበሌው ደጅ ሳልፍ ሲያንኳኳቸው እሰማለሁ። ሽታህ በእነሱ እጅ ላይ ነው። ቅናት ይዞኛል፣ አልደብቅህም።

ትናንት ከጥበቃዎቹ አንዱ መጥቶ ጠጠሮቹ ቆሽሸዋል፣ በምን እናጽዳቸው ብሎ ጠየቀኝ። እንደፈለጋችሁ ብዬው ቢሆን ዘፍዝፈው ያበላሹልኝ ነበር፤ ንዴቴም ይወጣልኝ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። ውሃ እንዳታስነኳቸው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ፣ ግርማ ይሙት! አልኩት።

እሱ አመስግኖ ሄደ። ምን ብዬ እንደማልኩ የገባኝ በሩን ስዘጋ ነው። ይሙት እየተባለ የሚማለው በሕይወት ባለ ሰው ነው፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ማረም ግን አልፈልግም፣ ግርማዬ። እስክከተልህ ድረስ የምምለው በአንተ ነው።

ሚስትህ አስካለ