ተገልብጬ ስጠብቅህ

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም እየተነጫነጭክ ነው የምትቀዝፈው? እኔ ደህና ነኝ፤ የእህቴ ቤት ቢጠብም ጤናዬ ሙሉ ነው። ቅዳሜ ታንኳውን ይዘህ ልትወስደኝ እንደምትመጣ የላክልኝ መልእክት ደርሶኛል። እስከዚያ እንዳልጨነቅ ማለትህ አሳቀኝ፤ ካነበብኩት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እዚህ ካያክ መማር ጀምሬያለሁ። ያው ታንኳ ነው እንደምትል አውቃለሁ። የት ተገናኝተው! የእኛ ታንኳ ላዩ ክፍት ነው፤ ተንበርክከን፣ ምላሱ አንድ በሆነ መቅዘፊያ፣ እኔ ከፊት በቀኝ እቀዝፋለሁ፣ አንተ ከኋላ በግራ እየቀዘፍክ ትመራለህ። ካያክ ግን ላዩ የተከደነ ነው። እግርህን ዘርግተህ ትገባና ወገብህ ላይ የታሰረውን ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ከመግቢያው ጠርዝ ጋር ታያይዘዋለህ። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው፤ ግራውንም ቀኙንም የምትቀዝፈው ራስህ ነህ። እኔ ሞኟ በመጀመሪያው ቀን በቀኝ ብቻ እየቀዘፍኩ አንድ ቦታ ስሽከረከር ዋልኩ። አስተማሪዋ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ግራውን ማን እንዲቀዝፍልኝ እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ።

ትናንት ደግሞ ከተገለበጠ ካያክ መውጣት ተማርን። ጨርቁ ፊት ለፊት ማሰሪያ አለው፤ እሱን ወደፊት ስበህ ጨርቁን ከጠርዙ ስታላቅቅ ነው የምትወጣው። ተገለበጥኩ። ጭንቅላቴ ወደ ታች፣ ጆሮዬ ውሃ ሞልቶ፣ እጄ ማሰሪያው ላይ ነበር። አልሳብኩትም። ሳቢ እስክትለኝ እየጠበቅኩህ ነበር! ቅዘፊ ስትል እየቀዘፍኩ፣ ተይ ስትል እየተውኩ ስንት ዓመት ኖሬ እጄ ያላንተ ድምፅ እምቢ አለኝ። ደረቴ ሊፈነዳ ሲል አለመኖርህ ትዝ አለኝና ሳብኩት። ወጥቼ በንዴት አለቀስኩ።

ያኔ ድንጋዮቹ ጋ ስንገለበጥ አንተ የያዝከው ታንኳውን ነበር። እኔን ጎትቶ ያወጣኝ መረብ ሲጥል የነበረው ሽማግሌ ነው። ዳር ላይ ስንገናኝም መቅዘፊያውን ለምን ለቀቅሽ ብለህ ጮህክብኝ። ነገሩን አንስተነው አናውቅም፤ ዛሬም አልከራከርህም።

ቅዳሜ አትምጣ። ከፊትህ ሌላ ሴት ብታስቀምጥ አይከፋኝም። ከማስቀመጥህ በፊት ግን ዋና ትችል እንደሆነ ጠይቃት። እኔን አንድም ቀን አልጠየቅከኝም።

እናትህን ሳምልኝ። በወጣህበት ሁሉ ውሃው በሰላም ይመልስህ።

ሚስትህ የነበረችው